ለልጅቷ የቱ ቤዝ ጊታር ይሻላታል?

በዚህ ገጽ ላይ ስለ ሕፃናት አመጋገብ፣ ስለ ጓዳ አያያዝ፣ ስለ ተማሪ ልብስና ጫማ በየጊዜው ሲጻፍ ቆይቷል። እናት የልጅዋን የጫማ ቁጥር በቃሏ ታውቃለች። ይሁን እንጂ የልጅዋ እጅ ከሌባ ጣት ጫፍ እስከ ትንሿ ጣት ጫፍ ተዘርግቶ ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሚሆን የለካች እናት ስንት ትገኛለች? ጥያቄው እንግዳ ሊመስል ይችላል። ዛሬ ላወጋችሁ ያሰብኩት ግን ይኸው ልኬት ስለወሰነው አንድ የቤተሰብ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም ለጀማሪ ልጅ ቤዝ ጊታር ስለ መምረጥ ነው።

«ደግሞ ይህን ምን አመጣው?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ያመጣችው የእኅቴ ልጅ ናት።

እኅቴ የሁለት ልጆች እናት ስትሆን የምትኖረውም በምሥራቅ ጎጃም ብቸና ከተማ ነው። በ2010 ዓ.ም. ክረምት ለእረፍት እሷ ዘንድ ሄጄ ሰነበትኩ። ትልቋ ልጅ በዚያን ጊዜ 12 ዓመቷ ነበር። በትምህርት ቤቷ ጊታር የሚነካካ አንድ መምህር ነበርና ለሚኒ ሚዲያ ክበብ ልጆች በእረፍት ሰዓት ጥቂት ያሳያቸው ኖሯል። እሷ ታዲያ ከስድስቱ ክሮች መካከል ወፍራሞቹን እንጂ ቀጫጭኖቹን ከነጭራሹ አትነካም አሉኝ። አንድ ማታ ሽሮ እያማሰለች ከሬዲዮው ጋር ስታንጎራጉር ሰማኋት። ድምፅዋ ከዘፋኙ ጋር አይሄድም። ምን እንደምትዘፍን ብጠይቃት «አክስቴ፣ ዘፈኑን አይደለም፤ ቤዙን ነው» አለችኝ።

እኅቴ ደግሞ በነገሩ ትስቅ ነበር። «ጊታር መግዛት ካለብን ሙሉውን ነው እንጂ ሁለት ክር የጎደለውን ለምን እንገዛለን?» ትላለች። ብዙ ሰው እንዲህ ስለሚያስብ አንድ ሁለት ቃል ልበል። ቤዝ ጊታር ጎዶሎ ጊታር አይደለም። አራቱ ክሮቹ ከተራው ጊታር አራት ወፍራም ክሮች በአንድ ኦክታቭ ዝቅ ብለው የሚቃኙ ናቸው። ወፍራሙ ክር ሲመታ በአንድ ሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ የተራው ጊታር ወፍራም ክር ግን 82 ጊዜ። ያን ያህል ዝቅ ያለ ድምፅ ለማውጣት ክሩ መወፈርም መርዘምም አለበት። እንግዲህ የቤዝ ጊታር ክብደትም፣ የአንገቱ ርዝመትም፣ በልጅ ላይ የሚያመጣው ችግርም ሁሉ ከዚህ የመነጨ ነው።

ሥራውን ለማወቅ የሚሻ ሰው ማሕሙድ አሕመድ በ1967 ዓ.ም. ገደማ ከአይቤክስ ባንድ ጋር ያስቀረጸውን «ኤረ መላ መላ» ከፍቶ ከሥር የሚመላለሰውን ድምፅ ብቻ ይከተል። የአይቤክስ፣ ኋላም የሮሃ ባንድ ቤዝ ተጫዋች ጆቫኒ ሪኮ ነበር። ዘፋኙን አገር ያውቀዋል። ቤዝ ተጫዋቹን ግን ስንቱ በስም ያውቀዋል? የእኅቴ ልጅ የወደደችው ይህንን፣ ሰው የማያየውን ቦታ ነው።

በቤቱ ውስጥ ተቃውሞ ከሁለት ወገን ተነሣ። የመጀመሪያው የልጅቱ አያት፣ የአባትየው እናት፣ ሁላችንም እቴቴ ብለን የምንጠራቸው ናቸው። «ልጅቱን አዝማሪ ልታደርጓት ነው?» ብለው ተቆጡ። ዲማ ጊዮርጊስን በመሰለ የቅኔ ደብር አቅራቢያ ተወልደው ላደጉ አዛውንት ክር ያለው መሣሪያ ሁሉ የአዝማሪ ነው፤ አዝማሪነትም ለጨዋ ልጅ አይሆንም። አዝማሪነት ነውር አይደለም ብዬ ልከራከራቸው እችል ነበር፤ እንደማላሸንፍ ስለማውቅ ተውኩት። በዚያ ፈንታ «እቴቴ፣ በገናስ?» አልኋቸው። ስልኬን አውጥቼ አስቀድሜ የበገና፣ ቀጥዬ ደግሞ የቤዝ ጊታር ድምፅ ለብቻው አሰማኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው አዳመጡና «የዳዊቱን መሣሪያ ከዚህ ጋር አታገናኙብኝ» አሉ። በማግሥቱ ግን እኅቴን ለብቻዋ ጠርተው «ያ የምትሉት ነገር አንገት ላይ ይንጠለጠላል ወይስ ጭን ላይ ይቀመጣል?» ብለው ጠየቋት።

ሁለተኛው ተቃውሞ የአባትየው ነበር። አልተቆጣም፤ በዝግታና በቅንነት «ታናሽ ወንድሟ ቢሆን ኖሮ ባልከፋኝ» አለ። ይህ ቃል ከእቴቴ ቁጣ ይልቅ እኔን አሳሰበኝ። ወንድምየው ያን ጊዜ 8 ዓመቱ ሲሆን ከኳስ በቀር የሚያምረው ነገር የለም። ላልጠየቀው ልጅ የሚፈቀደው ለጠየቀችው የሚከለከልበትን ምክንያት አባትየውም ሲጠየቅ በቅጡ ሊያስረዳ አልቻለም።

እዚህ ላይ አስናቀች ወርቁን አነሣሁለት፤ በመድረክ ተዋናይነቷና በክራሯ ያልሰማት የለምና። ለቤዝ ጊታሩ ደግሞ የአሜሪካዊቷን የካሮል ኬይን ታሪክ አጫወትኩት። ካሮል ኬይ በሎስ አንጀለስ የስቱዲዮ ጊታር ተጫዋች ነበረች። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1963 በአንድ የቀረጻ ቀን ቤዝ ተጫዋቹ ሳይመጣ ስለቀረ ቤዙን አንሺ ተባለች፤ ከዚያም ወዲያ አልለቀቀችውም። ልጆች የምታሳድግ እናት ሆና በሺህ የሚቆጠሩ ቅጂዎች ላይ ተጫውታለች፤ የቤዝ ጊታር ማስተማሪያ መጻሕፍትም አሳትማለች። አባትየው ይህን ሲሰማ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ይከፍሏት ነበር?» አለኝ። በደንብ ይከፍሏት እንደነበር ነገርኩት።

አባትየው በልቡ እሺ ማለቱን ያወቅነው ሞጣ ላለው ታላቅ ወንድሙ ስልክ ሲደውል ነው። እኚህ ሰው በወጣትነታቸው በሠርግ ላይ ይጫወት በነበረ አንድ ባንድ ውስጥ ነበሩ። ባንዱ ሲበተን ቤዝ ጊታሩ በእርሳቸው እጅ ቀርቷል። ለወንድማቸው ልጅ ከሆነ በ6,000 ብር እንደሚለቁት ነገሩት። እኛም፣ እኅቴ፣ ልጅቱና እኔ፣ አንድ ማለዳ ሚኒባስ ተሳፍረን በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ ሄድን። ልጅቱ መንገዱን ሙሉ አንድም ቃል አልተነፈሰችም።

ጋሼ መሣሪያውን ከአልጋ ሥር በአሮጌ ጋቢ ተጠቅልሎ እንደተኛ አወጡልን። መልኩ ያምራል። ትልቅ ነው። ክሩ ከሚያርፍባቸው ከሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው ርዝመት 86 ሳንቲ ሜትር ነው። ይህ ልክ የመጣው ሊዮ ፌንደር የተባለው አሜሪካዊ በ1951 ለገበያ ካወጣው ቤዝ ጊታር ሲሆን፣ እስከ ዛሬም አብዛኛው ቤዝ ጊታር የሚሠራው በዚሁ ልክ ነው፤ የተለካውም ለጎልማሳ ሰው ነው።

ልጅቱ ተቀምጣ ጭኗ ላይ አደረገችው። ግራ እጅዋን ወደ አንገቱ ጫፍ ስትዘረጋ ክርኗ ጨርሶ ተዘረጋ፤ ትከሻዋም ተከትሎ ወደ ፊት ወጣ። በአንገቱ ላይ አግድም የተደረደሩትን ቀጫጭን ብረቶች ሙዚቀኞች ፍሬት ይሏቸዋል። ሌባ ጣቷን የመጀመሪያው ፍሬት ላይ አድርጋ ትንሿን ጣት አራተኛው ላይ ለማድረስ ስትሞክር ሌባ ጣቷ ይነሣል፤ እሱን ስትመልስ ትንሿ ጣት ትለቃለች። አንጓዋ ተቆልምሟል። «አመመሽ ወይ?» አልኋት። «ኧረ አላመመኝም አክስቴ፣ ደኅና ነው» አለችኝ። ከዚያም ቀይ የሆኑትን የጣቶቿን ጫፎች ቀሚሷ ውስጥ ደበቀች።

እናቶች ይህን ነገር ልብ ብትሉልኝ እወዳለሁ። አንድን ነገር ለረጅም ጊዜ ለምኖ ያገኘ ልጅ ስለዚያ ነገር አያማርርም። ካማረረ የሚወሰድበት ይመስለዋል። ስለዚህ «ይመችሻል?» ብሎ ልጅን መጠየቅ ብቻውን አያዋጣም፤ ክርኑን፣ ትከሻውን፣ አንጓውን ማየት ያስፈልጋል።

እኅቴ ግን ነገሩን ልማዳችን በሆነው ዓይን አየችው። «ግድ የለም፣ ታድግበታለች» አለች። ለትምህርት ቤት የደንብ ልብስ ስንገዛ ሰፋ አድርገን ነው፤ እጅጌው ይታጠፋል፣ ጠርዙ ይተጣጠፍና በየዓመቱ ይለቀቃል። ጫማም ቢሆን ጥጥ ይወተፍበታል። የቤዝ ጊታር አንገት ግን አይታጠፍም። ያልደረሰ ክንድ በየቀኑ አንድ ሰዓት ከአቅሙ በላይ ሲዘረጋ ውሎ አድሮ ያማል፤ የሚያመው ልጅ ደግሞ መሣሪያውን ይተዋል። ያን ጊዜ «ድሮም የሴት ነገር አይሆንም ብለናል» የሚለው ቃል ከየአቅጣጫው ይመጣል። ጥፋቱ የመሣሪያው ልክ ሆኖ ሳለ ፍርዱ በልጅቷ ላይ ይወድቃል። እኔን ከሁሉ ይልቅ ያስፈራኝ ይኸው ነበር።

በክርክር ብቻ እንዳይሆን ብዬ ከጎረቤት ልብስ ሰፊ ሜትር ተዋስን። በ86 ሳንቲ ሜትሩ ቤዝ ላይ ከመጀመሪያው ፍሬት እስከ አራተኛው 13 ሳንቲ ሜትር ነው። የልጅቱ እጅ ተለጥጦ ከሌባ ጣት እስከ ትንሿ ጣት 12 ሆነ። አጭር አንገት ያለው፣ ማለትም 76 ሳንቲ ሜትር የሆነው ቤዝ ቢሆን፣ ያው ርቀት 11 ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። የሰንቲ ሜትር ተኩል ልዩነት በወረቀት ላይ ምንም አይደለም፤ በ12 ዓመት ልጅ እጅ ላይ ግን መቻልና አለመቻል ነው። መሣሪያውንም ወስደን አንድ እህል ነጋዴ ሚዛን ላይ አስቀመጥነው። 4 ኪሎ ከ600 ግራም መዘነ። ነጋዴው «ኪሎውን በስንት ልትሸጡት ነው?» ብሎ አሳቀን።

ጋሼ ተከራከሩኝ። «እኛ በአራት ጣት ተጫውተን አናውቅም፤ በሌባ፣ በመሐልና በትንሿ ጣት ሦስት ፍሬት ብቻ ይዘን ነው የኖርነው» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ይህ አያያዝ ብዙ መምህራን ለጀማሪ የሚያሳዩት ነው። ነገር ግን የአጣጣሉ ዘዴ የክንዱን ርዝመት አያስረዝም፣ ክብደቱንም አይቀንስም። ይህን ስነግራቸው ጥቂት አሰቡና «እኔም ስጀምር 20 ዓመት አልፎኝ ነበር» አሉ። ከዚያ ወዲያ ሽያጩን ትተው አስተማሪያችን ሆኑ። ያገለገለ ቤዝ እንዴት እንደሚመረመር ያሳዩን እርሳቸው ናቸው፤ ለአንባብያን ይጠቅም ይሆናልና ላስፍረው።

አናጢ ጣውላ ቀጥ ማለቱን አንድ ዓይኑን ጨፍኖ እንደሚያይ ሁሉ አንገቱን ከታች ወደ ላይ ማየት ነው። ጥቂት መጉበጥ አያስደነግጥም፤ በውስጡ ያለው ብረት በቁልፍ ሲጠበቅ ወይም ሲላላ ይስተካከላል፤ የሚያውቅ ሰው በጥቂት በጥቂቱ ሊያዞረው ይገባል። አንገቱ እንደ ገመድ የተጠመዘዘ ከሆነ ግን በነፃ ቢሰጣችሁም አትቀበሉ። ቀጥሎ እያንዳንዱን ክር በእያንዳንዱ ፍሬት ላይ ጨቁኖ መምታት ነው። ሥራው አሰልቺ ነው፤ ሆኖም የሚንጣጣ ወይም የሚታፈን ቦታ ካለ የሚገኘው እንዲህ ብቻ ነው። በአንገቱ መካከል፣ አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ፣ ክሩ ከብረቱ በላይ ከሁለት እስከ ሁለት ተኩል ሚሊ ሜትር ከፍ ቢል ደኅና ነው። አራትና አምስት ከሆነ የሕፃን ጣት አይችለውም፤ ማስተካከል የማይቻል መሆኑንም አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። የመቃኛ ቁልፎቹ ተቃኝተው እንደቆሙ ይቆያሉ ወይስ ይላላሉ? ገመዱ ሲሰካና የድምፅ መቆጣጠሪያው ሲዞር ይንጫጫል? መንጫጫቱ አብዛኛውን ጊዜ አቧራ ወይም የላላ ሽቦ ስለሆነ ኤሌክትሮኒክስ የሚጠግን ሰው ያስተካክለዋል፤ ዋጋ ለማስቀነሻ ግን ጥሩ ምክንያት ነው። ቀለሙ መላጡ ምንም አይደለም። ልጁ ግራኝ እንደሆነም ከወዲሁ ማወቅ ነው፤ የግራኝ ቤዝ በአገራችን ገበያ ማግኘት ከባድ ነውና።

ሳንገዛ ተመለስን። ልጅቱ ብቸና እስክንደርስ አለቀሰች። አባትየውም ስድስት ሺው ብር እንደ ተረፈ ሲያውቅ ደስ ሊለው ጀምሮ ነበር፤ ለአጭሩ ቤዝ መሆኑን ነግሬ ቃል አስገባሁት።

እኔ ወደ አዲስ አበባ ተመልሼ ፍለጋውን ቀጠልኩ። በሱቅ የሚገኘው አብዛኛው ረጅሙ ነው። አንዳንድ ሻጭም ልኩን ሲጠየቅ ይሳሳታል። አንዱ ሱቅ፣ ስሙን ልተወው፣ 86 ሳንቲ ሜትር የሆነውን «የልጆች ነው» ብሎ ሊሸጥልኝ ሞከረ፤ ሜትሬን ከቦርሳዬ ሳወጣ ዝም አለ። ውጭ አገር ዘመድ ያላቸው ወላጆች «ቤዝ ጊታር ላክልን» ብቻ ብለው ባይጽፉ መልካም ነው። ልኩን ይጻፉ። ለምሳሌ ያህል ስኳየር «ብሮንኮ» የሚባለው 76 ሳንቲ ሜትር ነው፤ አይባኔዝ «ማይክሮ» የሚባለው ከዚህም ያጥራል፣ 72 ሳንቲ ሜትር ከግማሽ ነው። ሁለቱም ለመጫወቻ የተሠሩ አሻንጉሊቶች ሳይሆኑ እውነተኛ ቤዞች ናቸው። አጭሩ ቤዝ ክሩ ላላ ስለሚል ለጣት ይለሰልሳል፤ በአንጻሩ ወፍራሙ ክር ላይ ድምፁ እንደ ረጅሙ ጥርት አይልም። ለጀማሪ ይህ ጉድለት ሊያሳስብ አይገባም ባይ ነኝ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ከአንድ ሙዚቀኛ እጅ ያገለገለ አጭር ቤዝ በ7,000 ብር አገኘሁ። ጋሼ ባሳዩን መንገድ ፍሬት በፍሬት መረመርኩት። ሻጩ ታግሦኝ ተቀመጠ። ክብደቱ 3 ኪሎ ከ200 ግራም ነው።

የድምፅ ማጉያው ጉዳይ ሌላ ራስ ምታት ነበር። አሜሪካ የሚኖር የባልየው ዘመድ አምፕሊፋየር ልላክ አለ። በመሠረቱ መልካም ሐሳብ ነው፤ ነገር ግን የአሜሪካ ኤሌክትሪክ 120 ቮልት ሲሆን የእኛ 220 ነው። ከጀርባው ላይ 120 ቮልት ብቻ የሚል ጽሑፍ ያለበትን ያለ ትራንስፎርመር በእኛ ግድግዳ ላይ መሰካት ማቃጠል ነው። ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ ግን አያስፈራም። ቤዙን ከቤት ቴፕ ወይም ከቴሌቪዥን ድምፅ ማጉያ ጋር ማገናኘትም ጥሩ አይደለም፤ ዝቅተኛው ድምፅ ትንንሽ ስፒከሮችን ይቀድዳል። መብራት በሚጠፋበት ከተማ፣ ግድግዳው ቀጭን በሆነ ቤት፣ አያት ከምሽቱ 2 ሰዓት በሚተኙበት ቤተሰብ የሚያዋጣው ሌላ ነው። መዳፍ የምታክል፣ ቤዙ ላይ የምትሰካ፣ እንደ ስልክ በቻርጅ የምትሠራ ትንሽ ማጉያ አለች፤ የጆሮ ማዳመጫ ተሰክቶባት ልጁ ብቻውን ይሰማል። ዘመድየው የላከልን እሷን ነው።

በመካከሉ ባሉት ወራት ልጅቱ ያለ ሥራ አልተቀመጠችም። ከጎረቤት ክራር ተውሳ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን በጆሮዋ ለየች። ይህ ኪሳራ አይደለም፤ ገንዘብ የሌለው ቤተሰብም ከዚህ ሊጀምር ይችላል። በባህል ሙዚቃ ቡድኖች ውስጥ ቤዝ ክራር የሚባል ትልቅ ክራር መኖሩንም ሰምታ አስገርሟታል፤ ቤዝ የፈረንጅ ነገር ብቻ ይመስላት ነበርና።

ቤዙ ብቸና የደረሰ ዕለት እኔ አልነበርኩም። እኅቴ በስልክ እንደነገረችኝ ልጅቱ መጀመሪያ ያደረገችው መጫወት ሳይሆን እጅዋን አንገቱ ላይ አሳርፋ ሌባ ጣቷንና ትንሿን ጣቷን ማየት ነበር። ደረሰ። ክርኗም ታጠፈ። አባትየው የክፍሉ በር ላይ ቆሞ ካየ በኋላ ማንገቻው አጭር ነው ብሎ ወዲያው ወደ ቆዳ ሰፊ ሄደ።

ትልቁ ቤዝ ዛሬም ሞጣ አለ፤ ጋሼ «ክንዷ ሲደርስ ትምጣ» ብለው በጋቢያቸው ጠቅልለው መልሰውታል። ለጊዜው ያለው ችግር የእቴቴ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ዐቢይ ጾም ሲገባ «ሃምሳ አምስት ቀን ግድግዳ ላይ ይሰቀል» ብለው ቆረጡ። ልጅቱ አልተሟገተችም፤ ማጉያዋን ነቅላ ለአያቷ አስረከበችና ያለ ማጉያው ብነካካስ ብላ ጠየቀች። ያልተሰካ ቤዝ ከክፍል አልፎ አይሰማም። እቴቴ ጆሮአቸውን ወደ ግድግዳው አስጠግተው አዳመጡ። «ድምፁ ካልወጣ እኔን ምን ቸገረኝ» አሉ፤ ማጉያዋንም በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሯት።